ምሳ ያልተበላበት ጉድጓድ

ገንዳ ውሃ ከተማ ቅዳሜና እሁድ የምንማርበት ክፍል ከማዳበሪያ መጋዘን ጋር በአንድ ግድግዳ ይገናኛል። መጋዘኑ እርጥበት የገባበት ቀን ዓይን የሚቆጠቁጥ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ በብሎኬቱ ስንጥቅ ሾልኮ እኛ ጋ ይደርሳል። ልጆቹ አፍንጫቸውን በደብተር ጋርደው ያማርራሉ። እኔ፣ ስልሳ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ የኮንስትራክሽን የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ አላማርርም። እንዲያውም እስክሪብቶዬን አስቀምጬ በረጅሙ እስባለሁ። ለእነሱ የዩሪያ ሽታ ነው፤ ለእኔ የፕላን ሽታ ነው። ዱሮ የመንገድና የድልድይ ንድፍ የሚባዛው በአሞኒያ ነበር። አዲስ ፕላን ከቆርቆሮ ቱቦው ተስቦ ሲወጣ ልክ እንደዚህ ያስነጥስ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ሰማያዊ መስመር፣ ጠርዙ ላይ የኢንጂነሩ ፊርማ፣ ከፊርማው ሥር ቀኑ። ዛሬ ፕላን ከማሽን ሲወጣ ምንም አይሸትም። ፊርማውም እንደዚያው ነው፤ የሰው እጅ ነክቶት እንደሆነ እንኳ አይታወቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ከፊት የሚቀመጥ አንድ ልጅ፣ "መምህር፣ ተመርቀን ስንወጣ ደሞዙ ስንት ነው?" ብሎ ጠየቀ። መምህራችን የያዘውን ማርከር ክዳኑን ገጠመና፣ "ደሞዙን ተወው፤ አንድ ኩንታል ጤፍ አይገዛም። ኪራዩን ጠይቀኝ" አለው።

"የምን ኪራይ? የቤት?"

"የስምህ ነዋ!" አለችው ከጎኑ ያለችው ልጅ። "ስምህን ታከራያለህ፣ ተኝተህ ትበላለህ።"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔ አልሳቅሁም። አስተማሪዬን አከብራለሁ፤ አስተማሪ ሲቀልድ መሳቅም የተማሪ ወግ ነው። ያን ቀን ግን ምራቄ መረረኝ። ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። አንድ ኮንትራክተር ሥራ ለመጫረት ፈቃድ ያለው ኢንጂነር ቀጥሬአለሁ ማለት አለበት። ኢንጂነሩን ቀጥሮ ቆላ አውርዶ ፀሐይ ላይ ከማዋል ግን የሙያ ፈቃዱን ብቻ በየወሩ መከራየት ይረክስለታል። ስሙ ሰነዱ ላይ ይገባል፣ በሥራው ቦታ በሚተከለው ሰሌዳ ላይም ይጻፋል፤ ሰውየው ግን አንድም ቀን ሳይቱን አይረግጥም። ይህ ዛሬ ነውር አይደለም። ልጆች በሳቅ የሚቀባበሉት፣ ወላጅ ለልጁ እንደ ርስት የሚያስበው ነገር ሆኗል።

እኔ የማውቀው ኢንጂነር ሌላ ነበር። የትኛው መንግሥት ነበር፣ ዓመተ ምሕረቱስ ስንት ነበር የሚለውን ለታሪክ አዋቂዎች ልተወው፤ እኔ ዘመኑን የማስታውሰው በዋጋው ነው። ዶሮ በሁለት ብር፣ ደህና በግ በሠላሳ ብር፣ ሻይ በዐሥር ሳንቲም ነበር። ሸሕዲ ከተማ አጠገብ የመንገድ ሥራ ካምፕ ተተክሎ ነበር። እኔ ግንበኛ ነበርኩ፤ ሚስት አግብቼ ሁለት ልጅ ወልጃለሁ። የቀን ሠራተኛ ብር ከዘጠና ሁለት ሳንቲም ያገኛል፤ እኛ ግንበኞች ከዚያ እጥፍ ጥቂት ፈቀቅ እንላለን። በሥራ ቀን ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ፣ እሁድ ደግሞ በሳሙና ታጥቦ የሚያበራ ኮንጎ ጫማ እናደርጋለን። ከካምፑ ፊት ለፊት በሣር የተከደኑ ሦስት ሻይ ቤቶች ነበሩ። የመሀለኛው ሬዲዮ ስለነበረው ወንበሩ ሁሌም ሙሉ ነው፤ የሱዳን ዘፈን ከሰዓት በኋላ ይጀምርና ቃሉ የማይገባን ሁላችን በአንገታችን እንከተለዋለን። ከሱዳን ድንበር ወዲያ የመጡ ነጋዴዎች ጀላቢያቸውን ሰብስበው እግራቸውን አጣምረው ይቀመጣሉ፣ ሻያቸው ውስጥ የሚጨምሩት ስኳር ብዛት ያስገርመን ነበር። ሽቷቸው እነሱ ተነሥተው ከሄዱ በኋላም ወንበሩ ላይ ይቆያል። ዛሬ በዚያ በኩል ሳልፍ ሦስቱም የሉም፤ በቦታቸው የሞባይል ካርድና የትራክተር መለዋወጫ የሚሸጥባቸው የቆርቆሮ ሱቆች ተደርድረዋል።

ኢንጂነራችን ኢንጂነር ለማ ይባሉ ነበር። አጭር፣ ጠይም፣ አንገታቸው በፀሐይ የተቃጠለ ሰው ነበሩ። በካኪ ሸሚዛቸው ኪስ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካሉ፣ ሰማያዊ፣ ቀይና ጥቁር። ደሞዛቸው በወር አምስት መቶ ብር ነበር። አምስት መቶ! ቁጥሩን ስንጠራው ድምፃችንን ዝቅ እናደርግ ነበር። በዚያ ብር አንድ ሰው ቤተሰቡን በደጋ ያኖራል፣ ወንድሞቹን ያስተምራል፣ ለሰርግ በሬ ይጥላል፣ ቀሪም ይኖረዋል። በመኪናቸው ገበያውን ሲያልፉ ሰው ከመቀመጫው ብድግ ይላል። ልጅ ያለው ነጋዴ ሁሉ እሳቸውን ለአማችነት ይመኝ ነበር። "ሰሊጥ ነጋዴ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም፤ ኢንጂነር ግን ኢንጂነር ነው" ይሉ ነበር እናቶች። ይህን ዛሬ ለክፍል ጓደኞቼ ስነግራቸው ተረት የማወራ ይመስላቸዋል።

ከደሞዛቸው በላይ ግን የማልረሳው አንድ ልማዳቸውን ነው። የካልቨርት፣ ማለትም ውሃ ከሥር የሚያሳልፍ ትንሽ ድልድይ፣ መሠረት ተቆፍሮ ሲያልቅ ግንበኛው የመጀመሪያውን ድንጋይ ከማስቀመጡ በፊት ኢንጂነር ለማ ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው ምሳቸውን ይበሉ ነበር። እኛንም አውርደው ያስቀምጡናል። ዐሥር እርምጃ አልፎ የዛፍ ጥላ እያለ፣ በዚያ ሙቀት፣ ጉድጓድ ውስጥ! መጀመሪያ ላይ ፀሐይ ራሳቸውን የመታቸው መስሎን ነበር። አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኋቸው።

"አስማረ፣ ጉድጓድ ከላይ ቆመህ ስታየው ይዋሽሃል" አሉኝ። "አንድ ሰዓት ስትቀመጥበት ግን ይናዘዛል። ውሃ ካለው መቀመጫህን ያርስሃል። ግድግዳው የሚናድ ከሆነ ወጥህ ውስጥ አፈር ይገባል። ዋልካ ከሆነ ደግሞ ፀሐይ ሲያገኘው ዓይንህ እያየ ይሰነጠቃል።"

ዋልካ የኛ አገር ጥቁር አፈር ነው። ሰሊጥና ማሽላ ያበቅላል፤ ቤትና ድልድይ ግን አይሸከምም። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ በላዩ ያለውን ሁሉ እየተነፈሰ ያነሣል፣ ይጥላል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ዋልካውን ቆርጦ አውጥቶ በቦታው ሰሌክት የሚባለውን የተመረጠ ጠጠር መሙላት። ኢንጂነር ለማ አንድ ጊዜ በአንድ ጉድጓድ ሦስት ቀን ምሳ በሉ። በየቀኑ ከበሉ በኋላ ተነሥተው፣ "አልጣመኝም፤ ጨምሩ" ይላሉ፣ እኛ እንቆፍራለን። ከበላይ አለቃ ቶሎ ጨርሱ የሚል መልእክት ሲመጣ፣ "የቸኮለ ይምጣና አብሮኝ ይብላ" ብለው መለሱ። ከዚያ በኋላ ምሳ ያልተበላበት ጉድጓድ ላይ ድንጋይ አይቀመጥም የሚለው የካምፑ ሕግ ሆነ። ያ ካልቨርት ዛሬም ቆሟል። በላዩ ስንት ተሳቢ እንዳለፈበት እግዜር ይወቀው።

መልአክ ነበሩ እያልኩ አይደለም። አፋቸው ክፉ ነበር፤ ቱንቢ ጠብቆ ያልተሠራ ግንብ ካዩ የሰውን እናት ሳይቀር ይጠሩ ነበር። በላምባ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ነበራቸው፣ እኛ ድንኳን ውስጥ በወባ ስንንቀጠቀጥ አንድ ቁራጭ በረዶ ልከውልን አያውቁም። ፊርማቸውን ግን ለማንም አላበደሩም። ያኔ ይህ ጀግንነት መሆኑን አላወቅሁም። ኢንጂነር ማለት እንዲህ ነው ብዬ ነበር የያዝኩት።

የመጨረሻ ልጄ ትርንጎ የተወለደችው ካምፑ ከፈረሰ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የኢንጂነር ለማን ነገር ስተርክላት አደገች። በሲቪል ምሕንድስና ስትመረቅ ገዋን ለብሳ የተነሣችውን ፎቶ ትልቁ ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። ጎረቤት ሁሉ፣ "አስማረ፣ ከእንግዲህ መዶሻህን ጣል" አለኝ። ከዚያ ሥራ ፍለጋ ሁለት ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ጎንደር አንድ ቢሮ ገባች፤ ወረቀት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ የምታስተላልፍበት ሥራ ነው። ደሞዟን አንድ ጊዜ ጠይቄአት ነገረችኝ፤ ሁለተኛ አልጠየቅኋትም። ግማሹን ለአንዲት ክፍል ኪራይ ትከፍላለች። እኛ አገር ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርደውን ሠራተኛ ሳሉግ እንለዋለን። አንድ ጠንካራ ሳሉግ አንድ ወቅት አጭዶ የሚይዘውን እሷ በዓመት አትይዘውም። አንድ የመከር ሰሞን መጥታ እናቷ ራት ስታቀርብ፣ "እማዬ፣ ማጭድ ይኖርሻል? እኔም ልውረድ" አለች። ሳቅን። እሷ እየሳቀች እንዳልነበር ያየሁት በኋላ ነው።

የካቲት ላይ ነው ይህን ትምህርት እንድጀምር የገፋፋችኝ። "አባዬ፣ ሥራውን ታውቃለህ፤ የቀረህ ወረቀቱ ነው። ክፍያውን ለኔ ተወው" አለችኝ። እምቢ አልኩ፣ ለመነችኝ፣ እሺ አልኩ። በዚህ ዕድሜዬ ደብተር ይዤ ከልጅ ልጆቼ እኩዮች ጋር ስቀመጥ ያፈርኩትን ያህል ደስም ብሎኛል።

ሚያዝያ ላይ አንድ ፎርማን ደወለልኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የአያ መኳንንት ቀበሌ ገበሬዎች ሰሊጣቸውን ወደ ዋናው መንገድ በሚያወጡበት ወንዝ ላይ ካልቨርት ሊሠራ ነው፤ ግድግዳውን የሚገነባ ሰው ፈልጎ ነው። አያ መኳንንት ከደጋ ወርደው እዚያ ጫካ መንጥረው ያረጁ ገበሬ ናቸው። ወንዙን አውቀዋለሁ። በመከር ሰሞን ጭቃው ሳይጠነክር ትራክተር እየዋጠ ስንት ሰው በሰሊጡ ከስሯል፤ ሰሊጥ አይጠብቅም፣ በቀኑ ካልተነሣ አፉን ከፍቶ ይረግፋል። ስለዚህ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

አያ መኳንንት ገና ከባጃጅ ሳልወርድ በዱላቸው ወደ ሰሌዳው እየጠቆሙ መጡ።

"አስማረ! እንኳን ደስ ያለህ! ምነው ደበቅኸን?"

"ምኑን አያ?"

"ተማሪ ሆነ ሲሉ ሰምቼ ነበር። አንብበው እንጂ፤ ፊደል አላደረስክም እንዴ?"

አነበብኩት። የፕሮጀክቱ ስም፣ የኮንትራክተሩ ስም፣ ከሥሩ፦ የሳይት መሐንዲስ፣ ኢንጂነር ትርንጎ አስማረ።

"የኛው ልጅ ድልድያችንን ልትሠራ!" አሉ አያ መኳንንት። "ሴቶቹ ዳስ ጥለውላታል፤ ያውልህ። አዲስ ወንበርም ከከተማ አስመጥተናል። መቼ ነው ምትመጣው?"

ወንዙ ዳር አዲስ የሣር ዳስ ቆሟል። ውስጡ ፕላስቲኩ ገና ያልተላጠ አንድ ወንበር አለ።

ወደ ጉድጓዱ ወረድኩ። ጥቁር ዋልካ ነው፣ ጠጠር የሚባል ነገር አልገባበትም። ፎርማኑ ወጣት ነው፤ ጨዋ አነጋገር አለው።

"ጋሽ አስማረ፣ ይጀምሩ እንጂ። ዝናብ ሳይቀድመን።"

"ሰሌክቱስ?"

"የምን ሰሌክት?"

"ይህ ዋልካ እኮ ነው። የሰው ቁመት ያህል ተቆርጦ ጠጠር መግባት አለበት። ፕላኑ ላይ አለ።"

"ፕላኑ ላይ ስንት ነገር አለ! ገብቷል ተብሎ ተፈርሟል፣ አልቋል።"

"ማን ፈረመ?"

ፎርማኑ ሳቅ ብሎ ወደ ሰሌዳው አየ። "እሷንማ ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቋታል።"

ስንት ዓመት ድንጋይ ስሸከም ሰው ሰድቦኝ ያውቃል፤ እንደዚያ ቃል የጎፈነነኝ የለም። ዳሱን አልፌ፣ ሰው የማይሰማበት ቦታ ቆሜ ደወልኩላት።

"ትርንጎ፣ የት ነሽ?"

"ቢሮ። ምነው አባዬ፣ ድምፅህ?"

"ሰሌዳ ላይ አየሁሽ።"

ወንበሯ ሲንፏቀቅ፣ በር ሲዘጋ ተሰማኝ።

"ትርንጎ የሚለው ያንቺ ነው፤ ከፈለግሽ አከራዪው። አስማረ ግን የኔ ነው። የኔን ስም እንድታከራዪ ማን ፈቀደልሽ?"

"የት እንደሚሠሩበት አልነገሩኝም አባዬ። ማኅተሜም እነሱ ጋ ነው። እኔ ምንም አልፈረምኩም፣ እነሱ ናቸው የሚመቱበት።"

"አልፈረምኩም ማለት ምን ማለት ነው? ስምሽ አይደለም ወይ?"

ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "የካቲት ላይ የተመዘገብክበት ብር ከየት የመጣ መሰለህ?" አለችኝ።

የወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐዩ ይፋጃል። ልጄን ለመርገም አፌን ከፍቼ ነበር፤ ርግማኑ ዞሮ እኔው ላይ አረፈ። እስከዚያች ቀን ድረስ የምጸየፈው ሌሎችን ነበር፤ ኮንትራክተሩን፣ ቢሮውን፣ ዘመኑን። የገዛ ደብተሬን፣ እስክሪብቶዬን፣ የተማሪ መታወቂያዬን ስጸየፍ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው።

"ነይ" አልኳት። "ወቀሳውን ሌላ ቀን እወቅስሻለሁ። አሁን መጥተሽ ጉድጓዱን እዪው።"

ቅዳሜ ከጎንደር የመጀመሪያውን መኪና ይዛ መጣች። የቢሮ ጫማዋን ነበር ያደረገችው። ሴቶቹ እልል አሏት። አዲሱን ወንበር አውጥተው፣ "ልጃችን፣ ቁጭ በይ!" ሲሏት ፊቷ ቲማቲም መሰለ፤ አልተቀመጠችም። ጫማዋን አውልቃ ወደ ጉድጓዱ ወረደች። እኔም ወረድኩ። አያ መኳንንት ከላይ ሆነው፣ "ምሳ ቀርቧል እኮ፣ ውጡ" ሲሉ፣ "እዚሁ ይውረድልን አያ" አልኳቸው። ገርሟቸው አወረዱልን። ከልጄ ጋር በዋልካው ላይ ተቀምጠን የማሽላ እንጀራ በሹሮ በላን። ብዙም አልተነጋገርን። ስንቀመጥ እርጥብ የነበረው የጉድጓዱ ግድግዳ በልተን እጃችንን ሳንታጠብ በፀሐይ ደርቆ ፊቱ ተሰነጣጥቆ የኤሊ ጀርባ መሰለ።

ትርንጎ አንድ ቁራሽ አፈር አነሣች፤ ከመጠጥ ውሃዋ ጠብ አድርጋበት መዳፏ ላይ እንደ ክር አንከባለለችው። ክሩ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ አልተበጠሰም፤ የሚያብጥ አፈር ምልክቱ ይህ ነው።

"ይህን ላቦራቶሪ ውስጥ ሲሠራ አይቻለሁ" አለች። "ቁጥሩንም አውቀዋለሁ። ተመርቄ አምስት ዓመቴ ነው አባዬ፤ ዋልካ በእጄ ስነካ ግን ዛሬ ገና ነው።"

ያከራየችው ያልነካችውን እውቀት ነበር፤ ገበያውም የሚፈልገው እንዳትነካው ነው።

ከጉድጓዱ ወጥታ የሳይቱን መዝገብ አስመጣች። "መሠረቱ ዋልካ ላይ ነው። ሰሌክት አልገባም። ሥራው ይቁም" ብላ ጻፈች፣ ፈረመች፣ ቀኑን ጻፈች። ፎርማኑ ራቅ ብሎ ስልክ አነጋገረ። ሲመለስ አነጋገሩ ተቀይሯል።

"ስሚ እህቴ፣ ኪራይ ተቀብሎ ቤት ልግባ ብሎ የሚያንኳኳ አከራይ አይተን አናውቅም። ቢፈልጉሽ ይደውሉልሽ ነበር።"

"እንግዲያው ስሜን አውርዱት። ማኅተሜንም መልሱ" አለችው።

"እሱ ቀላል ነው። ስም ሞልቷል።"

ይህን ሁሉ ገበሬዎቹ ቆመው ሰምተዋል። አያ መኳንንት ዱላቸውን ተደግፈው ቀረብ አሉ፤ ቁጣቸውን የያዙት በግድ ነው።

"ልጄ፣ እና የኛ ነገር እንዴት ይሆናል? ይህ ከቆመ ሌላ የሚመጣ የለም። ስንት ዓመት ደጅ ጠንተን ያገኘነው ነው። ክፉም ቢሆን ድልድይ ነው።"

"አያ፣ ልዋሽዎት አልችልም። እንዲህ ሆኖ ከተሠራ የተጫነ ትራክተር አይሸከምም። ይዞ ይወርዳል፤ ሰውም አብሮ።"

"ባዶውንስ?"

ጥቂት አሰበች። "ባዶውን ለጊዜው ይችላል። የተጫነ ግን አያሳልፉበት። ስሜ ኖረም አልኖረም ይህን ቃሌን ያዙልኝ።"

"ቃል ሰሊጥ አያሻግርም" አለ ከኋላ አንድ ጎረምሳ። አንዳንዱ ሳቀ። ትርንጎ ጫማዋን በእጇ ይዛ ወደ መንገዱ ወጣች።

ሥራው አራት ቀን ቆመ። በአምስተኛው ቀን ቀለም ቀቢ መጥቶ ስሟን በነጭ ደመሰሰና የአንድ ወንድ ስም ጻፈበት። ቀለሙ ሳይደርቅ ኮንክሪት መሙላት ተጀመረ። አዲሱ ኢንጂነር የት አገር እንደሚኖር፣ ወፍራም ይሁን ቀጭን፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። እኔ መሣሪያዬን ሰብስቤ ወጣሁ፤ ሌላ ግንበኛ በማግስቱ ገባ። ለወር ያህል በዚያ ሰፈር ስሄድ ሰላምታ የሚሰጠኝ አልነበረም። ድልድይ ያስቆመ ሰው ነበርኩ። ሰኔ ሳይገባ ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ፣ ለስላሳ ታደለ።

ትርንጎ የስሟ ኪራይ ሲቀርባት የቤቷን መክፈል አልቻለችም፤ አሁን ከሁለት የሥራ ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተጋርታለች። "እነሱም ምን አስበሽ ነው አሉኝ" አለችኝ። ሁለቱም ስማቸውን አከራይተዋል። ለኔ ትምህርት የሚከፈለውን አሁን የሰው አጥርና ሽንት ቤት እየገነባሁ ራሴ እችለዋለሁ። ለኢንጂነር ለማ አምስት መቶ ብር ደሞዛቸው ፊርማቸውን ለመጠበቅ ይበቃቸው ነበር። በዚያ ዘመን የነበረው ሁሉ ቅዱስ ስለነበር አይመስለኝም፤ ደሞዙ ሰውየውን ሰው ሆኖ እንዲቆም ስለሚያስችለው ነው። ዛሬ አንድን ልጅ አሥራ ሰባት ዓመት አስተምረን፣ የማይበቃውን ደሞዝ ሰጥተን፣ የቀረውን ስምህን ሸጠህ ሙላው እንለዋለን። ከዚያ ድልድዩ ሲሰነጠቅ የማን ስም እንደሆነ ለማንበብ ወደ ሰሌዳው እንሮጣለን። ይህን ስጽፍ እጄን መታጠብ ያሰኘኛል።

ክረምቱ ገባ፣ ዋልካው ጠጣ። መስከረም አልፎ ሲደርቅ የካልቨርቱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፤ እጅ ይገባበታል። ኅዳር ላይ ሰሊጡ ደረሰና አያ መኳንንት ደወሉልኝ። ካኮረፉኝ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። "መጥተህ እይልን" ብቻ ብለው ዘጉት።

ስደርስ በወዲያኛው ዳር አራት ትራክተር ከነተሳቢያቸው ተሰልፈው ቆመዋል። የመጀመሪያው ጭነቱን ሙሉ በሙሉ አራግፏል። ሳሉጎቹና ገበሬዎቹ የሰሊጥ ጆንያ በጀርባቸው አዝለው፣ በድልድዩ ላይ ሳይሆን ከጎኑ በወንዙ አሸዋ ውስጥ፣ አንድ በአንድ ይሻገራሉ። ያን ቀን "ቃል ሰሊጥ አያሻግርም" ያለው ጎረምሳም አለበት፤ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ጭነቱ ካለፈ በኋላ ባዶው ትራክተር በእርምጃ ፍጥነት በድልድዩ ያልፋል፤ ወዲህኛው ዳር እንደገና ይጫናል። አያ መኳንንት መሀል ቆመው በዱላቸው ተራ ያስይዛሉ።

በዚህ መሀል አንድ የቢሮ መኪና መጥቶ ቆመ። ንጹሕ ጫማ ያደረገ ሰው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ "ምንድን ነው የምትሠሩት? ድልድይ ተሠርቶላችሁ የለም እንዴ?" አላቸው።

"ተሠርቶልናል፣ ይስጥልን" አሉት አያ መኳንንት።

"ታዲያ ምን ሆናችሁ በጀርባችሁ?"

"ኢንጂነራችን የተጫነ እንዳታሳልፉ ብላናለች።"

ሰውየው አንገቱን አውጥቶ ሰሌዳውን አነበበ። "ብላናለች? ኢንጂነሩ እኮ ወንድ ነው አባት።"

አያ መኳንንት ዞረው ሰሌዳውን አላዩም።

"እሱን አላየነውም" አሉትና ቀጥሎ ላለው ተሸካሚ በዱላቸው መንገድ ከፈቱለት።